በአንተና በአንቱ መካከል

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ጉባኤው ለሁለት የተሰነጠቀው በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር የተነሣ ነው ብሎ መጀመር ይቻላል። ሹፌሩ ራሱ ግን እስከ ዛሬ ምን እንዳጠፋ አያውቅም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ለጥቂት ተርፎ ነበርና፣ አንድ እሑድ ምስጋና ሊያቀርብ ከምእመናኑ ፊት ቆመ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨበጠ፣ አንገቱን ደፋና እንዲህ ሲል ጸለየ፦

«አንተ ጌታ! እኔ እኮ አለቀልኝ ብዬ ነበር። የት ነው ያለኸው ስል፣ ለካስ ጋቢና ውስጥ አጠገቤ ቁጭ ብለሃል! አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። እንባውን የጠረገም ነበር። ፊት ለፊት ከተቀመጡት መካከል ግን አንድ አንገት ቀስ እያለ ደም ለበሰ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አንገት ነበር።

ሰብሳቢው ዕድሜያቸውን ሙሉ ርዕሰ መምህር ሆነው የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ዶሮ ሳትሰለፍ ስታልፍ ካዩ የሚበሳጩ ሰው ናቸው። አምልኮው ሲያበቃ በሩ ላይ ቆመው፣ «ለባንክ ሥራ አስኪያጅ እርስዎ፣ ለጥርስ ሐኪም እርስዎ! ሰማይና ምድርን ለዘረጉት ግን አንተ! ይኼ ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው?» አሉ።

የሰማ ሁሉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቁም። በሚቀጥለው እሑድ የመዝጊያውን ጸሎት ሲመሩ፣ «ቸር አምላክ ሆይ፣ እርስዎ ሕዝብዎን ይባርኩ፤ ከክፉም ይጠብቁን» ብለው ጀመሩ። ጆሯቸው የደከመ አንዲት አሮጊት ወደ ጎን ዞረው፣ «ማንን ነው የሚያናግሩት? እንግዳ መጣ እንዴ?» ብለው ጮክ ብለው ጠየቁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ሳቅ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን መጋቢው አልተዉትም። መጋቢው ድምፃቸው እንደ ደወል የሚያስተጋባ፣ ስብከታቸው ሰው የሚያስለቅስ፣ ሲወቀሱ ግን የማይወዱ ሰው ናቸው። ሳምንት ቆይተው የሚሰብኩበትን ምስባክ በጡጫ መቱና፣ «ልጅ አባቱን አንተ ይላል! አንቱ የሚለው የእንጀራ ልጅ ነው!» አሉ።

በዚህ ጊዜ ከኋለኛው አግዳሚ ወንበር አንድ ሰው ከት ብሎ ሳቀ።

የሳቀው አናጢው ነበር። ያን አግዳሚ ወንበር የሠራው እሱ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለውን አግዳሚ ሁሉ የሠራው እሱ ነው። ሲስቅ ሆዱ ስለሚነቀነቅ ወንበሩም አብሮት ተነቀነቀ፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሚስቱም አብራ ተነቀነቀች። እሷ ግን አልሳቀችም። አባቷን አንቱ ብላ ያደገች ናት። አባቷ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፤ ዛሬም ሕልሟ ውስጥ ሲመጡ ብድግ ብላ ነው የምትቀበላቸው።

«እኔ የእንጀራ ልጅ ነኝ?» አለችው መንገድ ላይ።

«ኧረ በጌታ! መጋቢው እኮ ለምሳሌ ነው ያሉት።»

«ለምሳሌ ከሆነ ለምን ሳቅህ?»

«ምሳሌው ስላሳቀኝ ነዋ።»

ይቺ መልስ ናት ጉድ የሠራችው። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማው ወደ ቤት ገሰገሰች። ማታ እሱ ዎርክሾፑን ዘግቶ፣ ከፀጉሩ ላይ ፍቅፋቂውን አራግፎ ሲገባ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ቆማ ጠበቀችው።

«እራትዎ ቀርቧል» አለችው።

አናጢው መጀመሪያ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ማንም የለም። ከዚያ ገባው፤ ሲገባው ደግሞ ጀርባው ላይ ውሃ እንደተደፋበት ሆነ። ሀያ ሦስት ዓመት በትዳር ሲኖሩ «አንተ ግንድ» ብላዋለች፤ «አንተ ደንቆሮ፣ አንተ ራስህን የማታውቅ» ብላዋለች፤ አንድ ጊዜማ በጣም ስትናደድ «አንተ ምስማር» ብላ ሰድባው፣ ምን ማለቷ እንደሆነ ሁለቱም ሳያውቁት ቀርቷል። በዚህ ሁሉ አንድም ቀን ከፍቶት አያውቅም። «እራትዎ» ያለችው ቀን ግን ከፋው። አክብሮት እንዲህ እንደሚቀዘቅዝ አያውቅም ነበር።

«ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ» አለ ለመሳቅ እየሞከረ።

«ምን ልተው? በክብር ማስተናገድ ጥፋት ሆነ? ይቀመጡ፣ ይብሉ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ «ይነሡ»፣ «ይግቡ»፣ «በሩን ይዝጉት እባክዎ» ሆነ። አናጢው ስድብ ናፈቀው።

ቤተ ክርስቲያኑም ከቤቱ አልተሻለም። ሰዉ አንተ ባይና አንቱ ባይ ተብሎ ሆድና ጀርባ ሆነ። አንቱ ባዮች መዝሙሮቹን ሁሉ በክብር ቃል ሊያስተካክሉ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ «አንተ ነህ ጋሻዬ» የነበረው «እርስዎ ነዎት ጋሻዬ» ሲሆን ዜማው አልበቃ አለና፣ መዘምራኑ እስትንፋስ እያጠራቸው የመጨረሻዋን ቃል በጉሮሯቸው ዋጧት። አንተ ባዮች ይህን ሰምተው ለሳምንት ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ደግሞ ከሰሷቸው። «'የሰሙን፣ ያዩን፣ የጠበቁን' እያሉ ይጸልያሉ» አሉ መጋቢው። «እነማን ናቸው የሰሙን? ስንት ናቸው? እኛ የምናውቀው አንድ ነው! እነዚህ ሰዎች አምላክን አበዙት!»

ሰብሳቢው ለዚህ ክስ መልስ ሊሰጡ ጥቁር ሰሌዳ ተሸክመው መጡ። የአክብሮት አነጋገርና የብዙ ቁጥር መልካቸው አንድ ቢሆንም ትርጉማቸው እንደሚለያይ በጠመኔ ጽፈው፣ አስምረውበት፣ «ጥያቄ ያለው?» ብለው ምእመናኑን ዞረው አዩ። ጥያቄ ያለው አልነበረም፤ ግማሹ ተኝቷል።

ሁለቱንም የሚፈሩ ጥቂት ሰዎች ደግሞ ዘዴ አበጁ። ፈጣሪን በሩቁ ብቻ ማንሣት ጀመሩ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ስሙ ይባረክ።» አንተም አንቱም የለበትም። ጸሎት አምሯቸው ከተንበረከኩ በኋላ ግን ስለሱ ለማን እንደሚያወሩ ግራ ይገባቸውና «አሜን» ብለው ይነሣሉ። አናጢው እነዚህን ሰዎች ሲያይ ያዝንላቸዋል። አጠገብህ ያለውን ሰው ሳታናግር ስለሱ ማውራት ሐሜት አይደለም እንዴ?

እሱ ራሱ አንተ ባይ የሆነው ከማንም ተምሮ አይደለም። ያለ አባትና እናት፣ ሰው ቤት ነው ያደገው። በልጅነቱ የሚያናግረው ሰው አልነበረምና እንጨት ሲልግ ከፈጣሪ ጋር ያወራ ነበር፤ «ይቺ ጉጥ አስቸገረችኝ፣ ምን ትለኛለህ?» እያለ። አንቱ የሚላቸው ሰዎች ደግሞ ሁልጊዜ ደጅ የሚያስጠኑት ሰዎች ነበሩ። እናም ለሱ «አንተ» ማለት ቅርብ፣ «አንቱ» ማለት ደጅ ላይ መቆም ነው። ይህን ለሚስቱ ሊያስረዳት አንድ ቀን ሞከረ።

«አባቴን አንቱ ብዬ፣ አባቴን የፈጠረውን አንተ ልበለው?» አለችው።

«የፈጠረውን ነው የፈጠሩትን?»

ምላሷን ነከሰች። ከዚያ መቀሱን አነሣችና፣ «ከሥራዬ ላይ ገለል ይበሉልኝ» አለችው።

አስቂኙ ነገር፣ ሁለቱ መሪዎች ራሳቸው ሌላ ሚዛን ነበራቸው። ፈጣሪን አንተ የሚሉት መጋቢ፣ ያ የጭነት መኪና ሹፌር ደስ ብሎት «አንተ መጋቢ፣ ስብከትህ ግሩም ነው!» ቢላቸው፣ ሥርዓት እስኪማር ብለው ከማኅበር አገዱት። ፈጣሪን አንቱ የሚሉት ሰብሳቢ ደግሞ የግቢውን ዘበኛ «አንተ ውሻ፣ በሩን አትከፍትም?» ሲሉ የሰማ ብዙ ነው። ዘበኛው በበኩሉ ሁለቱንም እርስዎ ይላል፤ ሲሄዱ ግን የሚላቸውን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

መቼም የሰው ልጅ አንድ ላይ መቀመጥ ሲያቅተው የመጀመሪያ ሐሳቡ አጥር ነው። በመጨረሻ አዳራሹ ከመካከል በግድግዳ እንዲከፈል ተወሰነ። ሠሪው ማን ይሁን ሲባል፣ ሁለቱም ወገኖች «አናጢያችን አለ አይደል?» አሉ። አንተ ባዮች የእነሱ ስለሆነ አመኑት። አንቱ ባዮች ሚስቱ የእነሱ ስለሆነች አመኑት።

አናጢው እምቢ ሊል ነበር። ግን እምቢ ቢል ሌላ ሰው በሁለት ቀን ያቆመዋል። ይህ ደግሞ ለሱ ሞቱ ነው። ምክንያቱም ሰብሳቢው አንድ ቃል ተናግረዋል፦ «ግድግዳው ተጠናቀቀ ማለት መለያየቱ ጸና ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ባል ወዲያ፣ ሚስት ወዲህ ሆኖ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር የለም። ወይ ወደዚህ ያምጧቸው፣ ወይ ይተዉአቸው።» መጋቢውም ይህን ሲሰሙ፣ በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰብሳቢውን ሐሳብ ወደዱትና ለራሳቸው ወገን ደገሙት።

ሚስቱ ያንኑ ማታ መርፌ ላይ ክር እያስገባች፣ ቀና ሳትል ነገረችው።

«ግድግዳው ያለቀ ቀን የስፌት መኪናዬን ይዤ ልጄ ጋ እገባለሁ። እሷም የመውለጃዋ ጊዜ ደርሷል፤ ሰው ያስፈልጋታል።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ምን ይሆናሉ? የሚስቁበት ሰው አያጡም።»

ስለዚህ አናጢው ሥራውን ተቀበለ። ዓላማው አንድ ነበር፤ እንዳያልቅ ማድረግ። በፍጥነቱ የታወቀ ሰው፣ አንዲት ሞራሌ እንጨት ቀጥ አድርጎ ለማቆም ከጠዋት እስከ ማታ ቱንቢ ይጥላል። ይለካል፣ ይረሳል፣ እንደገና ይለካል። «እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ይድረቅ» ይላል። «ምስማሩ ቀጭን ነው» ይላል። «ወለሉ ዘመመ» ይላል። ወለሉ አልዘመመም።

ከሁሉ የከፋው አግዳሚዎቹን መቁረጥ ነበር። ረጃጅም ስለሆኑ ግድግዳው በመካከላቸው ያልፋል፤ እናም እያንዳንዱ አግዳሚ ከወገቡ መቆረጥ ነበረበት። መጋዙን የመጀመሪያው ላይ ሲያሳርፍ፣ «በል እንግዲህ፣ አንተም እያየህ ነው» አለ ወደ ላይ። የተቆረጠው ጫፍ እግር ስለሌለው ለእያንዳንዱ ግማሽ አዲስ እግር መሥራት ያስፈልጋል። ይህም ሥራውን ስላራዘመለት፣ ማዘንም መደሰትም ቃጣው። ምስባኩን ግን ማንም ለማንም አለቅም ስላለ፣ ግድግዳው ልክ በመካከሉ እንዲያልፍ ታዘዘ። ምስባክ ለሁለት ሲከፈል ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው፣ ለአንድ ሰው ተብሎ የተሠራ ቁም ሣጥን ውስጥ ሁለት ወፍራም ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ሲቆሙ ያስብ።

ሁለቱም ወገኖች በየቀኑ ሜትር ይዘው ይመጣሉ።

«ወደ እኛ ገባ!» ይላሉ ሰብሳቢው።

«ወደ እነሱ መች ገባ? የኛን ነው የበላው!» ይላሉ መጋቢው።

«ጌቶቼ» ይላል አናጢው ከመሰላሉ ላይ፣ «ግድግዳው ራሱ የሚይዘው ቦታ አለው። እሱ የማንም አይደለም።»

«የማንም ያልሆነ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የለም!» አሉ ሁለቱም እኩል። እኩል በመናገራቸው ደንግጠው ተኮራረፉ።

ማራዘም ግን መጨረሻ አለው። ሞራሌው ቆመ፣ ኮምፔንሳቶው ተመታ፣ ቀለም ተቀባ። ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ኮምፔንሳቶው ሳይደርስበት ቀርቶ፣ ከላይ የክንድ ያህል ክፍተት ተረፈ። ሁለቱም መሪዎች አይተው «ይሁን፣ ከዚህ በላይ አንጠብቅም» አሉ። አናጢው መዶሻውን አስቀመጠ። ይኸው ነው፤ አለቀ።

በዚህ ጊዜ ከአንቱ ባዮች በኩል፣ ከሴቶቹ መካከል አንድ ድምፅ መጣ።

«ይኼ ግድግዳ አላለቀም።»

ልብስ ሰፊዋ ነበረች።

«እንዴት አላለቀም?» አሉ ሰብሳቢው።

«ጣሪያው ጋ አልደረሰማ። እጅጌው ያልተሰፋ ልብስ ሰፋሁ ብዬ ለደንበኛዬ ብሰጥ ይቀበሉኛል? አላለቀም።»

«እህታችን፣ በቂ ነው ብለናል እኮ።»

«እኔ ግን አላለቀም ነው የምለው» አለችና፣ ባሏን ሳታየው ወጣች።

አናጢው በሥራው ላይ አቃቂር ማውጣቷ አናደደው። ማታ ሲያስበው ነው አንድ ነገር ሽው ያለበት፤ ግን እንዲህ ይሆናል ብሎ ማመን ስለፈራ ተኛ።

በተከፈለው አዳራሽ የመጀመሪያው እሑድ መጣ። መጋቢው ድምፅ ማጉያ ተከራይተው ነበር። ሰብሳቢው ይህን ቀደም ብለው ሰምተው ሁለት ተከራይተዋል። ወዲያ «አንተ ነህ» ሲባል፣ ወዲህ «እርስዎ ነዎት» ይባላል፤ ወዲህ ከበሮ ሲመታ፣ ወዲያ ይጮኻል። ሰፈሩ ሁሉ መስኮቱን ዘጋ። አናጢው በግማሽ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በክፍተቱ በኩል የሚሻገረውን ዝማሬ ያዳምጥ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ የሚስቱን ድምፅ ይለያል፤ ትንሽ ወደ አፍንጫ የሚል፣ ከሰው ግማሽ ምት ቀድሞ የሚጀምር። አብሯት ሲቀመጥ «ቀድመሻል» እያለ በክርኑ ጎሰም ያደርጋት ነበር።

በዚህ መካከል አማቹ ቧንቧ ሠራተኛው እየሮጠ ደረሰ። በቱታው ነው። ሁለት በር ሲያይ ቆመና በቅርቡ ባለው ገባ። አስተናጋጁ እጁን ዘርግቶ አገደው።

«የየትኛው ነህ?»

«የቧንቧ!»

«አይ፣ የአንተ ነህ የአንቱ?»

«ኧረ ሰውዬ! አማቶቼን ነው የምፈልገው!»

«አማትህ የት ወገን ናቸው?»

ቧንቧ ሠራተኛው አስተናጋጁን ገፍቶ አለፈው። የተራረፉ እንጨቶች ክምር ላይ ወጣና በክፍተቱ በኩል፣ ለወዲያም ለወዲህም በሚሰማ ድምፅ ጮኸ።

«እማማ! አባባ! ምጥ ይዟታል፣ ሐኪም ቤት ናት! ልጁ አልመጣም አለ! ቶሎ ኑ!»

ሦስቱም ድምፅ ማጉያዎች ጸጥ አሉ። ለአንድ አፍታ፣ እውነት ለመናገር፣ ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ሆኖ ነበር። ከዚያ መጋቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አሁን ለዚህች እህት እንጸልያለን፤ አንተ ጌታ...» ሲሉ፣ ሰብሳቢው ከወዲህ «እኛም እንጸልያለን፤ እርስዎ ጌታ...» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ማን ቀድሞ ጸለየላት የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ባልና ሚስቱ በሁለት በር ወጥተው ከውጭው በር ላይ ተገናኙ።

«ይፍጠኑ እንጂ!» አለችው እየሮጠች። በሩጫ ላይ እንኳ አልተወችውም።

ሐኪም ቤቱ ጠባብ ኮሪደር፣ በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ ግድግዳና አንድ የብረት አግዳሚ ነበረው። ነርሷ ወጥታ፣ ሕፃኑ ተጋድሟል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፣ ሐኪሞቹ ገብተዋል፣ ጠብቁ አለቻቸው። አማቹ ደም ሊሰጥ ወደ ታች ሮጠ። ሁለቱ በአግዳሚው ሁለት ጫፍ ተቀመጡ፤ በመካከላቸው ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበረ።

አናጢው እጆቹን አጣመረ። ፈጣሪ ዕድሜውን ሙሉ የሚያናግረው ወዳጁ ነበርና፣ እንደ ልማዱ ሊጀምር አፉን ከፈተ። ያ ወዳጅ ግን በዚያ ሰዓት በጣም ትልቅ፣ በጣም ሩቅ፣ ከተዘጋው በር ወዲያ ያለ መሰለው። አንድ ልጁ እዚያ በር ውስጥ ናት።

«ጌታዬ» አለ በሹክሹክታ፣ «እባክዎ... እኔ ማን ነኝ... ደፍሬዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ልጄን ይተዉልኝ። እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ። ይዘኑልኝ፣ ጌታዬ፣ እርስዎ ካልደረሱ ማን ይደርሳል?»

ከአግዳሚው ወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ሌላ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሹክሹክታ አልነበረም።

«አንተ! ትሰማኛለህ? አንድ ልጅ ነው የሰጠኸኝ! አንድ! ሌላ ጠይቄሃለሁ? ዛሬ ዝም ብትለኝ አልምርህም! ና እንጂ! ምን ቆመህ ታያለህ? ና!»

አንዱ የሌላውን ጸሎት ሰማ።

ቀስ ብለው ተያዩ። አናጢው አፉ እንደተከፈተ ነው። እሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምን አልሽው?» አለ።

«እርስዎ ምን አሉ?»

አናጢው ለመናገር ሞከረና ከአፉ ሳቅ ወጣ። ሳቁን ሊይዘው ቢል ሆዱ ተነቀነቀ፣ አግዳሚው ተነቀነቀ። በዚህ ጊዜ ግን እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። ነርሷ በሩን ከፍታ «ምን ሆናችኋል? እዚህ ሰው ይሞታል ይድናል!» ብላ ስትቆጣ፣ ሳቁ በዚያው ወደ ልቅሶ ዞረ። የሦስቱ ሰው ቦታ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ትከሻው ላይ ነበር የምታለቅሰው።

ከብዙ ጥበቃ በኋላ ያቺው ነርስ እንደገና ወጣች። «ሴት ናት። እናትዋም ደህና ናት» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ተነሣች። ከዚያ ወደ ባሏ ጎንበስ ብላ፣ «ይኼን ነገር ለማንም እንዳይናገሩ» አለችው።

እንዳይናገሩ! አናጢው በደስታው መካከል ልቡ ዝቅ አለ።

ልጃቸው ከሐኪም ቤት ስትወጣ እነሱ ጋ መጥታ ተኛች፤ ስለዚህ የስፌት መኪናው ለጊዜው ከቦታው አልተነቃነቀም። ግን «ይግቡ»ና «ይብሉ»ም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። አናጢው በየቀኑ ጠዋት አንዲት ቃል ይጠብቃል፣ ማታ ሳይሰማት ይተኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ሲከፍተው መጋቢውና ሰብሳቢው ጎን ለጎን ቆመዋል። አናጢው ዓይኑን አሸ። አስገባቸው፤ በስፌት ክፍሉ ሁለት ወንበር አቀረበላቸው። ሚስቱ ከመኪናዋ ላይ ሳትነሣ በአንገቷ ሰላምታ ሰጠቻቸውና መስፋቷን ቀጠለች።

«ተስማምተናል» አሉ መጋቢው።

አናጢው ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ታረቃችሁ?»

«ተስማምተናል ነው ያልኩት» አሉ መጋቢው ደንገጥ ብለው።

«ጉዳዩ እንዲህ ነው» አሉ ሰብሳቢው። «ከላይ ያለው ክፍተት አስቸግሯል። ባለፈው እሑድ እኔ ስጸልይ ከወዲያ በኩል አሜን ያሉ ሰዎች አሉ።»

«ከእኛም በኩል ሳያስቡት ነው» አሉ መጋቢው። «የነሱም ሰዎች በኔ ስብከት አልቅሰዋል፤ ሰምቻለሁ። በአጭሩ ጸሎታችን ከላይ እየተቀላቀለ ነው። ወደ ሰማይ ሲደርስ የማን እንደሆነ በምን ይለያል?»

«ስለዚህ ጣሪያው ድረስ ዝጋው። ያኔ ተጠናቀቀ ይባላል።»

አናጢው ሊመልስ አፉን ሲከፍት የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«አንተ!»

ሦስቱም ወንዶች ብድግ አሉ። የመጋቢው ፊት ቀላ፤ «እኔን ነው?» አሉ። የሰብሳቢውም አንገት መቅላት ጀምሮ ነበር፤ «እኔን እንዴት...» አሉ።

«እናንተን ማን ፈልጓችሁ? ባሌን ነው!» አለች ልብስ ሰፊዋ። ጣቷን ወደ አናጢው ቀሰረች። «አንተ ግንድ! አንተ ፈዛዛ! መዶሻህን እንዳትነካ! ያንን ግድግዳ ጣሪያ ብታደርሰው እኔና አንተ አንተዋወቅም! ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አለ አናጢው። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«እህታችን» አሉ ሰብሳቢው፣ «ግድግዳው ሲጠናቀቅ ከቤት እወጣለሁ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ለዚያ ነዋ እንዳይጠናቀቅ የምለው! ርዕሰ መምህር ነበርኩ ይላሉ፣ ይቺ ትጠፋዎታለች?»

መጋቢው ፈገግ ሊሉ ሲሉ ወደሳቸው ዞረች። «እርስዎም አይሳቁ። የእንጀራ ልጅ ያሉኝን አልረሳሁም።»

እንግዶቹ ወጡ። አናጢው እስከ በር ሸኛቸው። ሌላ አናጢ እንፈልግ ተባባሉ፤ መጋቢው የሚያውቁት አንድ ሰው አላቸው፣ ሰብሳቢውም የሚያውቁት አንድ ሰው አላቸው፣ ሁለቱ ደግሞ አንዱ የሌላውን ሰው በምንም ዓይነት አይቀበሉም። እየተጨቃጨቁ መንገዱን ይዘው ሄዱ። በዚህ አካሄዳቸው ክፍተቱ ገና ብዙ ዘመን ይኖራል ሲል አሰበ አናጢው፤ የሁለቱ አለመስማማት ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ ሰጠው። ግን አዳራሹ አሁንም ሁለት ነው፤ አግዳሚዎቹም ከወገባቸው የተቆረጡ ናቸው። እንጨት አንዴ ከተቆረጠ መልሶ አይበቅልም፤ ይህን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል።

ሲመለስ ሚስቱ ክር እየበጠሰች ነበር።

«እሑድ የት እንቀመጣለን?» አላት።

«አንተ በበርህ፣ እኔ በበሬ። ምን መሰለህ? እኔ ፈጣሪዬን አንቱ ማለቴን አልተውም።»

«ሐኪም ቤትስ?»

«ሐኪም ቤት የአፍ ወለምታ ነው። አንተስ ብትሆን? 'እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ' ስትል አልሰማሁም?»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔም ፈርቼ ነዋ» አለች።

አናጢው ወንበር ስቦ ከመኪናዋ አጠገብ ተቀመጠ። የሚለው ነገር ነበረው፤ እንዴት እንደሚጀምረው ሲያስብ፣ ልጃቸው ከውስጠኛው ክፍል «ኧረ ቀሰቀሳችኋት!» ብላ ጮኸች፤ ሕፃኗም ማልቀስ ጀመረች። ሁለቱም እኩል ተነሥተው ሲሮጡ ጠባቡ በር ላይ ተጣበቁ።

«እለፍ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!» አለችው በክርኗ እየገፋችው።